የአይሮፕላን ራዲዮ ጫጫታና ምንጩ

(በራዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ የሚሻገር ሰው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ይዞ ቢሳፈር፥ አንድ ነገር ለማስተዋል ይችላል። የራዲዮውን መርፌ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ማንም በማይናገርበት ባዶ ስፍራ ያቁምና ራዲዮውን ወደ ሞተሩ ጠጋ ያድርገው። ሞተሩ ቤንዚን የሚያቃጥል እንደ ሆነ ራዲዮው በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ተበተነ ተልባ ይንጫጫል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ጫጫታው ይፈጥናል፥ ሲዘገይም ይዘገያል። ሞተሩ ናፍጣ የሚያቃጥል እንደ ሆነ ግን ያ መንጫጫት የለም፤ ቢሰማም ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ የሚመጣ ቀጭን ፉጨት ነው። ወራቱ ክረምት ከሆነና በሐይቁ ማዶ ደመና ከተቋጠረ ደግሞ፥ መብረቅ በበረቀ ቍጥር ራዲዮው ድንገት ይንጣጣል፤ የነጐድጓዱ ድምፅ ከጆሮ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስቱ ድምፆች ሦስት ልዩ ልዩ ምንጭ አላቸው። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ለጀልባ ተሳፋሪ የመንገድ መዝናኛ ሊሆን ይችላል፤ ለአይሮፕላን ነጂ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ነጂው በዚያው ሰማይ የሚበሩትን ሌሎች አይሮፕላኖች፥ በሚያርፍበትም ሜዳ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ የሚያውቀው ባብዛኛው በራዲዮ ነው። ይልቁንም አይሮፕላኑን በገዛ እጁ ለሠራ ሰው ነገሩ ይከብዳል። ከፋብሪካ የወጣ አይሮፕላን ሌሎች ሰዎች በብዙ ዓመት ድካም ጫጫታውን ቀንሰውለት ይወጣል፤ በእጅ የተሠራው ግን ያን ድካም ከመጀመሪያው አንሥቶ ይደግመዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ድካም ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ራዲዮ ራሱ ከተወለደበት ስፍራ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄንሪክ ኸርዝ በ1880 ዓ.ም. ገደማ የራዲዮን ሞገድ በቤተ ሙከራው ሲያስነሣ፥ ሞገዱን የወለደለት በሁለት የብረት ጫፎች መካከል የሚዘል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር። ኢጣልያዊው ማርኮኒም በታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ደረሰኝ ባለ ጊዜ፥ ላኪው ያው ብልጭታ ነበር፤ ልዩነቱ ተልቆ መሠራቱ ብቻ ነው። እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ የቤንዚንን ሞተር አስቡ። በሞተሩ ውስጥ ቤንዚንና አየር የተቀላቀለበትን ጢስ መሳይ ነገር የሚያቀጣጥለው በካንዴላው ጫፍ ላይ የሚዘል ብልጭታ ነው። ከቦቢናው ወይም ከማግኔቶው እስከ ካንዴላው የተዘረጋው ሽቦም ሳይታሰብ እንደ አንቴና ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካንዴላ ፈቃድ ያላወጣ ትንሽ የማርኮኒ ጣቢያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የብልጭታ ጣቢያዎች ሌላውን ስለሚያውኩ መንግሥታት ከጊዜ በኋላ ከልክለዋቸዋል፤ የሞተሩን ብልጭታ ግን ሊከለክሉት አልቻሉም፥ ያለ እርሱ ሞተሩ አይነሣምና።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፥ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ያበረረው ፖቴዝ 25 ነበር። ዓመት ሳይሞላ፥ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ በበጌምድር በራስ ጉግሣ ወሌና በመንግሥቱ ጦር መካከል የአንቺም ጦርነት ሲደረግ፥ አይሮፕላን በዚያ አገር ሰማይ ላይ ታየ። ቦምብ ጣለ፤ ዐዋጅ የታተመበትንም ወረቀት በተነ። ሰማይ ምድርን ያነጋገረው እንዲህ ነበር። ዐዋጁ የተጣለለት ሰው ግን መልስ የሚሰጥበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ አይሮፕላን በአገራችን ምድር ላይ ተሠራ። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋራ በአዲስ አበባ የሠራት ባለ ሁለት መቀመጫ አይሮፕላን፥ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ሞተርዋ 115 የፈረስ ጕልበት ያለው ዋልተር ቬኑስ የሚባል የቼኮስሎቫክያ ሥራ ነበር፤ ሰባቱ ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ጨረር በዙሪያው የተተከሉ ናቸው። እንዲህ ባለው ሞተር አጠገብ ራዲዮ የሚሰቅል ሰው ምን እንደሚገጥመው በቍጥር እናስላው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር 1,000 ጊዜ ይቀጣጠላል፤ ሰባቱ በአንድ ላይ 7,000 ማለት ነው። በአይሮፕላን ሞተር ልማድ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር፥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካ ሁለት ሁለት ካንዴላ ይደረጋል፤ በዚህ ልማድ ከሄድን በደቂቃ 14,000 ብልጭታ እናገኛለን። በዚህ መካከል የሰውን ድምፅ ማድመጥ በገበያ መካከል የልብ ትርታ እንደ መቍጠር ነው።

የ«ፀሐይ» ዕድሜ በአገርዋ ሰማይ ላይ አጭር ሆነ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ተማረከችና ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ ብራቻኖ በሚባለው ሐይቅ ዳር ባለው በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኀይል ቤተ መዘክር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆመች። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።

«ፀሐይ» ከመሠራትዋ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአሜሪካን አገር የልክና የመስፈርት ቢሮ የሚሠሩ ሊቃውንት ይህንኑ የብልጭታ ጫጫታ ይዘው ይታገሉ ነበር። አሳባቸው ነጂው በጉምና በሌሊት ከምድር በሚላክለት የራዲዮ ምልክት እየተመራ እንዲበር ነበር፤ ነገር ግን ምልክቱ ከሞተሩ ጫጫታ ሥር ይሰጥም ነበር። መድኀኒቱ በአሳብ ቀላል ነው፤ ከማግኔቶው እስከ ካንዴላው ያለውን ሽቦ ሁሉ፥ ማግኔቶውንና ካንዴላውን ጭምር፥ ቀዳዳ በሌለው የብረት ሽፋን ማልበስ ነው። በሥራ ግን ብዙ አስቸገረ። ሽፋኑ ከበደ፤ እርጥበት በውስጡ ተቋጠረ፤ ከሁሉም በላይ ለካንዴላው የሚገባውን የኤሌክትሪክ ኀይል ከፊሉን ሽፋኑ ራሱ እየወሰደ ብልጭታውን ያደክመው ጀመር። ራዲዮው ዝም ብሎ ሞተሩም አብሮ ዝም ቢል ማንንም አይጠቅምም። የተሻለ ጐማና ጠንካራ ካንዴላ እስኪገኝ ድረስ ብዙ ሙከራ ተደረገ።

ያ ድካም ምን ያህል ፍሬ እንደ ሰጠ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ካይሮ ያደረገበት አይሮፕላን ሲ 47 ነበር፤ ወንድሙ ዲሲ 3 ከዚያ በኋላ ባሕር ዳርን ጭምር ከመናገሻው ከተማ ጋራ ሲያገናኝ ኖሯል። በዚህ አይሮፕላን ላይ ያሉት ሁለት ሞተሮች እያንዳንዳቸው 14 ሲሊንደር፥ ለእያንዳንዱም ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አላቸው፤ በድምሩ 56 ካንዴላ። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞሩ 56,000 ብልጭታ ይዘላል። ነጂው ግን በጆሮ ማድመጫው የምድሩን ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ብልጭታው ከነጩኸቱ በብረት ሽፋን ውስጥ ታስሮ ነበርና።

አንድ ሰው በግቢው አይሮፕላን ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የመኪና ሞተር ነው። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ባብዛኛው በራሳቸው ንባብ ተምረው የሠሩትን አይሮፕላን በ2007 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ለማብረር በሞከሩ ጊዜ የተጠቀሙት የቮልስዋገን ሞተር ነበር፤ ያችው በየመንገዱ የምናውቃት የኤሊዋ መኪና ሞተር። ሙከራው ለዚያ ጊዜ ሳይሳካ ቀረ። ሆኖም በሌሎች አገሮችም በእጅ የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ አይሮፕላኖች በዚሁ ሞተር በረዋል፥ ዛሬም ይበራሉ። የመኪና ሞተር የሚሠራው ግን ለመንገድ ነው፤ ነጂው ዘፈኑን በጥቂት ጫጫታ መካከል ቢሰማ የሚጐዳ ነገር የለምና የአይሮፕላኑን ዓይነት ሽፋን አያደርጉለትም።

እንዲህ ያለ አይሮፕላን በጣና ላይ ቢበር ምን ሊሆን እንደሚችል እንመልከት። የአይሮፕላን ራዲዮ በ118 እና በ137 ሜጋኸርዝ መካከል የሚሠራ ሲሆን፥ ሞገዱ እንደ ብርሃን በቀጥታ ይሄዳል፤ ከምድር ጕብጠት በታች ላለው ሰው አይደርስም። ከሐይቁ በላይ 300 ሜትር ከፍ ብሎ ለሚበር ሰው አድማሱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህም በደቡብ ካለችው ከባሕር ዳር በሰሜን እስካለችው እስከ ጎርጎራ ድረስ ያለው ርቀት ነው። እንግዲህ በጎርጎራ አጠገብ የሚበር ሰው የባሕር ዳርን ጥሪ ሊሰማ ይገባዋል፤ ግን የሚሰማው በመጨረሻው ዳርቻ ላይ ሆኖ ደክሞ ነው። የጫጫታው ኀይል አራት እጥፍ ቢጨምር ጥሪው የሚሰማበት ርቀት በግማሽ ያጥራል። ከጀልባና ከታንኳ በቀር ምልክት በሌለው ውሃ ላይ፥ በጧት ጉም፥ ያ ግማሽ ርቀት ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ነጂው ጥሪው እንዳመለጠው አለማወቁ ነው፤ ያልተሰማ ድምፅ ያልተነገረ ይመስላልና።

ታዲያ ምንጩ እንዴት ይገኛል? በመሥሪያ ቤት አንድ ፋይል የጠፋ እንደ ሆነ ለሁሉም ክፍል ሰርኩላር ከመበተን ይልቅ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሄደበትን መከተል እንደሚሻል ታውቃላችሁ። ይህም እንደዚያ ነው። ሁሉን ነገር አጥፍቶ ራዲዮውን ብቻ በባትሪ ማብራት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ስኩዌልች የሚባለውን፥ ደካማ ድምፅ እንዳያልፍ የሚዘጋውን በር እስከ መጨረሻው መክፈት ይገባል። ያን ጊዜ የሚሰማው ለስላሳ ሽውታ የራዲዮው የራሱ ትንፋሽ ነው፤ እርሱን በጆሮ ማጥናት ያስፈልጋል። ከዚያ መብራቱን፥ የቤንዚን መሳቢያውን፥ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ማብራት፥ በመጨረሻ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ጫጫታው የገባበት ደቂቃ የገባውን ያሳያል።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ጆሮ ብዙ ይመሰክራል። ከሞተሩ ፍጥነት ጋራ የሚፈጥን መንጣጣት የብልጭታው ነው። ከፍጥነቱ ጋራ እንደ ትንኝ ድምፅ እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ግን የዲናሞው ወይም የአልተርኔተሩ ነው፤ አልተርኔተሩን ለጥቂት ጊዜ ሲያጠፉት ፉጨቱ ከሞተ ነገሩ አለቀ። ሁለት ማግኔቶ ያለው ሞተር አንዱን፥ ቀጥሎም ሌላውን በማጥፋት ይመረመራል፤ ይህ ሁሉ በምድር ላይ ጐማው ታግዶ እንጂ በአየር ላይ አይደረግም። ቀጥሎ የአንቴናውን ሽቦ ከራዲዮው መንቀል ነው። ጫጫታው አብሮ ከጠፋ የመጣው በአየር ነው፤ አንቴናው ሳይኖርም ከቀጠለ የገባው በሽቦ ነው። ለሁለተኛ ምስክርነት በራሱ ባትሪ የሚሠራ የእጅ ራዲዮ አጠገቡ ያኖሩለታል። የእጁ ዝም ብሎ የአይሮፕላኑ ከተንጫጫ፥ በደሉ የሽቦው እንደ ሆነ ታወቀ።

የሽቦውን በደል ብዙ ሰዎች ይንቁታል፤ በእኔ አስተያየት ግን በእጅ በተሠራ አይሮፕላን ላይ ተደጋግሞ የሚገኘው እርሱ ነው። በመኪና ላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በመኪናው ብረት አካል ነው፤ ጋራዦች ማሳ የሚሉት ይህ ነው። በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ አይሮፕላን ግን እንዲህ ያለ የብረት አካል የለውም፤ ሠሪው ለእያንዳንዱ ዕቃ የመመለሻ ሽቦ መዘርጋት አለበት። ሽቦ ለመቈጠብ ሲል የራዲዮውን መመለሻ ከአልተርኔተሩ መመለሻ ጋራ ቢያጣምረው ሁለቱን በአንድ በር አስገባቸው ማለት ነው። የሐይቅ ዳር እርጥበት ያዛገው አንድ ቡሎን የአንድ መቶኛ ኦም ተቃውሞ ቢኖረውና 20 አምፔር ቢያልፍበት፥ 0.2 ቮልት በዚያ ላይ ይቀራል። ይህ ለመብራት ምንም አይደለም፤ ለማነጋገሪያው ደካማ ድምፅ ግን ጐርፍ ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን መመለሻ ለየብቻው ወደ አንድ ንጹሕ ነጥብ ማምጣት ነው። የብረት አካል ባለመኖሩ አንቴናውም የራሱን ተጓዳኝ ክንድ ይፈልጋል፤ በ125 ሜጋኸርዝ እያንዳንዱ ክንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

በምድር ላይ ፈጽሞ የማይገኝ ጫጫታም አለ። አይሮፕላን በደረቅ አቧራ ወይም በደመና ውስጥ ሲያልፍ ገላው ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ እርስ በርስ ያልተያያዙ የብረት ክፍሎች ካሉም በመካከላቸው ትንንሽ ብልጭታ ይዘላል። ይህ ከሞተሩ ፍጥነት ጋራ አይፈጥንም። እያንዳንዱን ማጠፊያና ዘንግ በተጐነጐነ የመዳብ ጥብጣብ ማያያዝ ያስታግሠዋል።

በዘመናችን ደግሞ አዳዲስ በዳዮች ተጨምረዋል። ኤሌዲ የሚባለው መብራትና ከባትሪ ጋራ የሚሰካው የስልክ መሙያ በውስጣቸው ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ እየቈራረጡ ይሠራሉ፤ ርካሹ ዓይነት በተለይ ጫጫታ ይረጫል። አሮጌውን ሞተር ለወራት ሲወቅስ የኖረ ሰው የኪሱን ስልክ መሙያ ሲነቅል ሰማዩ ድንገት ጸጥ ሊልለት ይችላል።

ብዙ ሰው ግን ፍለጋውን ትቶ ስኩዌልቹን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ጫጫታው ይጠፋል፥ ደስ ይለዋል። ከጎርጎራ በኩል የሚመጣው ደካማ ጥሪም አብሮ ተዘግቷል። ከገበያ ማጣሪያ ገዝቶ በራዲዮው ሽቦ ላይ መሰካትም የሚረዳው ጫጫታው በዚያ ሽቦ የመጣ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ በአንቴና ለሚገባው ምንም አያደርግለትም። በብልጭታው ላይ ግን የተፈተነ መድኀኒት አለ፤ ባለ 5,000 ኦም ካንዴላ፥ የተሸፈነ ሽቦ፥ በዲናሞውም ላይ ኮንደንሰር።

አንዳንድ አንባቢ ኤፍኤም በሚባለው ራዲዮ ላይ ይህ ሁሉ መንጫጫት ለምን አይሰማም ይል ይሆናል። አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1926 ዓ.ም. የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘበት ያ ዘዴ የታሰበው በእውነት ጫጫታን ለማሸነፍ ነበር። ብልጭታና መብረቅ የሞገዱን ቁመት ይለዋውጣሉ፤ ኤፍኤም ግን ድምፁን የሚሸከመው በሞገዱ ድግግሞሽ ስለ ሆነ ቁመቱን ቸል ይለዋል። ሆኖም አይሮፕላኖች እስከ ዛሬ በቁመቱ ዘዴ ይነጋገራሉ። በኤፍኤም ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ብርቱው ደካማውን ጨርሶ ይውጠዋል፤ በአሮጌው ዘዴ ግን ሁለቱ ሲጋጩ ይጮኻል፥ አድማጩም ሌላ ሰው ሊናገር እንደ ሞከረ ያውቃል። ጫጫታን መታገሥ የተመረጠው የደካማው ድምፅ ጨርሶ እንዳይጠፋ ነው።

ሞተሩ ከተሸፈነ፥ ሽቦው ከተለየ፥ መሙያው ከተነቀለም በኋላ አንድ ሽውታ ይቀራል። ካርል ጃንስኪ የተባለ ወጣት የአሜሪካን መሐንዲስ ውቅያኖስ የሚሻገረውን የስልክ ንግግር የሚያውከው ምን እንደ ሆነ እንዲመረምር ታዝዞ፥ በፎርድ መኪና ጐማ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ አንቴና ሠራ። ጫጫታውን ለሦስት ከፈለው፤ የቅርብ ነጐድጓድ፥ የሩቅ ነጐድጓድ፥ ሦስተኛውም ምንጩ ያልታወቀ ጸጥተኛ ሽውታ። ይህ ሦስተኛው በየዕለቱ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣ ነበር፤ እንዲህ የሚያደርጉት ከዋክብት ናቸው። በ1925 ዓ.ም. የመጣው ፍኖተ ሐሊብ ከምንለው የከዋክብት ጭፍራ እንደ ሆነ አስታወቀ። የራዲዮ ሥነ ፈለክ የሚባለው ትምህርት የተወለደው ከዚህ የጥገና ሥራ ነው።

በጣና ዳርም ዛሬ ይህን መሰል ነገር የሚያደምጡ አሉ። የምድር መግነጢሳዊ መቀነት በአገራችን በኩል ያልፋልና በላያችን ያለው የኤሌክትሪክ አየር፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፥ ይልቁንም በመስከረምና በመጋቢት ሰሞን፥ እንደ ፈላ ውሃ ይታመሳል፤ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክትም ያንቀጠቅጠዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስሙን ከጎጃሙ የቅኔ ደብር የወሰደው የዋሸራ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለ። በዚያችው ከተማ የተተከሉ የሳተላይት መቀበያዎችም ይህን መንቀጥቀጥ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ይመዘግቡታል።